የዘረመል አርትዖት የተደረገባቸው ሰብሎች በየትኛው ሕግ ይዳኛሉ?

ሐረር፦ ከጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር በኩል ከአካባቢው የገጠር መንደሮች የሚመጡ አርሶ አደሮች ወደ ሐረር ከተማ ገበያ ይገባሉ። ምርታቸውን ሸጠው ጨው፣ ስኳርና ልብስ ገዝተው በዚያው በር ይመለሳሉ። ለዘመናት ከተማዋን ሲቀልቡ ከኖሩት የእህል ዓይነቶች መካከል ማሽላ ዋነኛውን ስፍራ ይይዛል።

ማሽላ ለሐረርጌ አርሶ አደር ከምግብነት በላይ ነው። እህሉ እንጀራና ገንፎ ሲሆን፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ያገለግላል። ሙይራ፣ ፈንዲሻና ሌሎችም በየአካባቢው ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የቆዩት አርሶ አደሩ በማሳው ውስጥ የተሻለውን ራስ እየመረጠ ለዘር በማስቀመጡ ነው። በጫት ተክል መሐል ተሰባጥሮ የሚበቅለው ማሽላ የአካባቢው መለያ ከሆነም ቆይቷል።

ይህን ሰብል ከሚፈታተኑት ጠላቶች አንዱ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ ውብ አበባ ያለው ጥገኛ አረም ሲሆን፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። አረሙ ከአፈር በላይ ብቅ ብሎ በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ የደረሰ በመሆኑ፤ በዚያን ወቅት የሚደረግ አረማ የዘንድሮውን ምርት እምብዛም አያተርፍም። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዱቄት መሳይ ዘሮችን የሚበትን ሲሆን፤ ዘሮቹም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞቱ መቆየት ይችላሉ።

በአሁኑ ወቅት ለዚህ አረም መፍትሔ ይሆናሉ ከተባሉት ዘዴዎች አንዱ የዘረመል አርትዖት የተሰኘው ቴክኖሎጂ ነው። ይሁን እንጂ ቴክኖሎጂው ከሳይንስ ቀጥሎ የሕግ ጥያቄ አስነስቷል። በዚህ ዘዴ የተገኘ ዘር እንደማንኛውም የተሻሻለ ዘር ይታይ ወይስ እንደ ልውጠ ሕያው ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበት? የሚለው ጥያቄ መንግሥታትን በተለያየ ጎራ ያሰለፈ ሆኗል። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ በፈላና በር የሚገባውን እህልና የሚወጣውን ዘር ጭምር የሚነካ ነው።

አቀንጭራ እና የማሽላው ምልክት

የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው አንድ ምልክት ነው። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ኬሚካሎችን ወደ አፈር ያመነጫል። ተክሉ ይህን የሚያደርገው በአፈር ውስጥ የሚኖሩና ፎስፈረስ የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያገኝ የሚረዱትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ነው። አቀንጭራ ግን ጥሪውን ጠልፎ ይሰማና ምግብ የሚያገኝበት ተክል መቅረቡን አውቆ ይበቅላል። ምልክቱን ካላገኘ አይበቅልም።

በዚህ መስክ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካበረከቱት ሳይንቲስቶች መካከል ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ቀዳሚ ናቸው። ፕሮፌሰር ገቢሳ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ በ1973 ያገኙት ከሐረር ብዙም በማይርቀው በቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፤ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ምርምር አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥተዋል። እ.ኤ.አ በ1994 ስምንት ቶን የሚሆን የእነዚህ ዝርያዎች ዘር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሰራጭቷል። ተመራማሪው ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚ ሆነዋል።

እነዚህ ዝርያዎች የተገኙት በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ነው። ተመራማሪዎቹ አቀንጭራ የማይደፍራቸውን ማሽላዎች ከነባር ዝርያዎች መካከል ለይተው ምርታማ ከሆኑት ጋር አዳቀሏቸው። ማሽላዎቹ አረሙን የሚቋቋሙበት ምስጢር በዘረመል ደረጃ ይበልጥ ግልጽ የሆነው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ2017 የፐርዱ ተመራማሪዎች ኤልጂኤስ1 የተባለው ዘረመል በተፈጥሮ ሥራውን ባቆመባቸው ማሽላዎች ውስጥ ሥሩ የሚያመነጨው የስትሪጎላክቶን ዓይነት እንደሚለወጥና አቀንጭራም በደንብ እንደማይበቅል ይፋ አደረጉ።

ግኝቱ አዲስ መንገድ ከፍቷል። በማዳቀል ዘዴ አንድን ባሕርይ ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ለማሻገር ብዙ ትውልድ ማዳቀልና መምረጥ ያስፈልጋል። ከተፈለገው ባሕርይ ጋር ያልተፈለጉ ሌሎች ባሕርያትም አብረው ስለሚገቡ አርሶ አደሩ የሚወደው የአገዳ ርዝመት ወይም የእንጀራ ጥራት ሊጠፋ ይችላል። በዘረመል አርትዖት ግን አርሶ አደሩ በሚወደው ዝርያ ውስጥ ያንኑ አንድ ዘረመል ብቻ ለይቶ ሥራ ማስቆም እንደሚቻል ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። የኬንያታ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚሁ መንገድ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማግኘት በጋራ ሠርተዋል።

የሁለቱ ቴክኖሎጂዎች ልዩነት

ቀደም ሲል የሚታወቀው የዘረመል ምህንድስና ከአንድ ሕያው አካል የተወሰደን ዘረመል ወደ ሌላ ማስገባት ነው። ለአብነት ቢቲ ጥጥ የሚባለው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል የገባበት ሲሆን፤ ተክሉ የጥጥ ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን በራሱ ያመርታል። በተፈጥሮ ባክቴሪያና ጥጥ አይዳቀሉም። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነቱ ተክል ውስጥ ያለው ባዕድ ዘረመል በላቦራቶሪ ምርመራ በቀላሉ ይታወቃል።

የዘረመል አርትዖት ከዚህ ይለያል። በስፋት የሚታወቀው ክሪስፐር የተባለው መሣሪያ አንድን የተወሰነ የዘረመል ስፍራ ፈልጎ የሚያገኝ መሪ ሞለኪውልና ቦታውን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያቀፈ ነው። ሕዋሱ የተቆረጠውን ሲጠግን ጥቂት የዘረመል ፊደላት ይጎድላሉ ወይም ይጨመራሉ፤ ዘረመሉም ሥራውን ያቆማል። ዘዴውን እ.ኤ.አ በ2012 ይፋ ያደረጉት ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ እና ጄኒፈር ዳውድና እ.ኤ.አ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ባለሙያዎች አርትዖትን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ዘረመሉ ተቆርጦ በሕዋሱ በራሱ እንዲጠገን የሚተውበት ነው። ሁለተኛው ጥገናው በተሰጠ አጭር ናሙና መሠረት እንዲከናወን የሚደረግበት ሲሆን፤ ሦስተኛው ደግሞ በተቆረጠው ስፍራ ሙሉ ባዕድ ዘረመል የሚገባበት ነው። ሦስተኛው ከቀድሞው የዘረመል ምህንድስና የተለየ ተደርጎ ስለማይታይ በአብዛኞቹ አገሮች በልውጠ ሕያዋን ሕግ ይዳኛል። ክርክሩ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው ሌላም ነጥብ አለ። ብዙውን ጊዜ የመቁረጫ መሣሪያው ራሱ ወደ ተክሉ የሚገባው እንደ ባዕድ ዘረመል ሆኖ ነው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በማዳቀል እንዲወጣ ስለሚደረግ በመጨረሻው ዘር ውስጥ አይገኝም። በመሐል ባዕድ ዘረመል ገብቶበት የነበረ፣ በመጨረሻ ግን የሌለበት ተክል ምን ይባላል? የሕግ አርቃቂዎች ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል።

ዓለም አቀፉ ሕግና የኢትዮጵያ ሚና

በዓለም አቀፍ ደረጃ ልውጠ ሕያዋንን የሚመለከተው ዋነኛ ስምምነት የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ በጥር 2000 በሞንትሪያል የጸደቀ ሲሆን፤ በመስከረም 2003 ሥራ ላይ ውሏል። በድርድሩ ወቅት የአፍሪካ አገሮችን በመወከል የታዳጊ አገሮችን ድምፅ ያሰሙት የኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። እ.ኤ.አ በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደብርሃን ለዚህ ጥረታቸው እ.ኤ.አ በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተበርክቶላቸዋል።

ፕሮቶኮሉ የቆመበት መሠረት የጥንቃቄ መርህ ነው። አንድ ልውጠ ሕያው ጉዳት ያደርሳል የሚል ሙሉ የሳይንስ ማረጋገጫ ባይኖርም አገሮች ወደ ግዛታቸው እንዳይገባ የመከልከል መብት አላቸው። ላኪው አገር ወይም ድርጅት አስቀድሞ አሳውቆ የተቀባዩን አገር ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። ፕሮቶኮሉ ልውጠ ሕያው የሚለውን በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ የተገኘ አዲስ የዘረመል ውህደት ያለው ሕያው አካል በማለት ተርጉሞታል። የጥቂት ፊደላት መጉደል አዲስ ውህደት ነው አይደለም በሚለው ላይ ግን አገሮች አልተስማሙም።

ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ በ2003 ያጸደቀች ሲሆን፤ በ2001 ዓ.ም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን አውጥታለች። አዋጁ በወቅቱ ጥብቅ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነበር። ልውጠ ሕያውን ወደ አገር ለማስገባት፣ ለመመራመርም ሆነ ለማምረት አስቀድሞ የአደጋ ግምገማ ቀርቦ ፈቃድ እንዲገኝ ያስገድዳል። ጥብቅነቱ ለምርምር እንኳ አላፈናፈነም የሚል ቅሬታ ከግብርና ተመራማሪዎች በመነሳቱ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል። ማሻሻያው በተለይ ለምርምርና ለትምህርት ሥራ የሚሰጠውን ፈቃድ ያቀለለ ነው።

ከማሻሻያው በኋላ በአገሪቱ የተለያዩ ሥራዎች ተከናውነዋል። ከህንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ድቃዮች በታጠረ የሙከራ ማሳ ከተፈተሹ በኋላ እ.ኤ.አ በ2018 ለአርሶ አደሮችና ለባለሀብቶች እንዲቀርቡ ተፈቅዷል። ድርቅንና አገዳ ቆርቁርን እንዲቋቋም የተዘጋጀ በቆሎም በባኮ በታጠረ ማሳ እንዲሞከር ፈቃድ አግኝቷል። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ለመከላከል የሚያስችል ምርምርም ተጀምሯል። እነዚህ ሁሉ ግን ባዕድ ዘረመል የገባባቸው በመሆናቸው በአዋጁ ስለመሸፈናቸው ጥያቄ የለም።

ክሪስፐር ይፋ የሆነው የ2001 ዓ.ም አዋጅ ከወጣ ሦስት ዓመታት ያህል ዘግይቶ ነው። አዋጁ ልውጠ ሕያው የሚለውን በጥቅሉ ባዕድ ዘረመል ወይም ሌላ ኬሚካል በማስገባት የዘረመል ይዘቱ ወይም የባሕርይው መገለጫ የተለወጠ አካል አድርጎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ለሁለት ዓይነት አነባበብ የተጋለጠ ነው። በአንደኛው አነባበብ የመቁረጫው መሣሪያ ራሱ የገባ ባዕድ ነገር ስለሆነ፤ በኋላ ቢወጣም ለውጡ የመጣው በእርሱ ነውና ተክሉ በአዋጁ ይገዛል። በሁለተኛው አነባበብ ደግሞ በመጨረሻው ዘር ውስጥ ባዕድ ነገር ካልተገኘ ተክሉ ልውጠ ሕያው ሊባል አይችልም። አንዱን መምረጥ የባለሥልጣኑን መመሪያ ወይም የሕግ አውጪውን ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በዚህ ረገድ ቀድማ የተንቀሳቀሰችው አርጀንቲና ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣችው ደንብ አልሚው ድርጅት ሥራውን ሳይጀምር ወይም ከጀመረ በኋላ ለመንግሥት አካል ጥያቄ እንዲያቀርብና እያንዳንዱ ዘር በተናጠል እንዲመረመር አደረገች። በመጨረሻው ተክል ውስጥ አዲስ የዘረመል ውህደት ከሌለ እንደ ተራ ዘር ይቆጠራል፤ ካለ ደግሞ በልውጠ ሕያዋን ሕግ ይታያል።

በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ በ2016 ሲቆረጥ ቶሎ የማይጠቁር የእንጉዳይ ዓይነት ከቁጥጥር ውጭ መሆኑን አሳውቋል። በ2020 ደግሞ አንዳንድ የአርትዖት ዓይነቶችን ከፈቃድ ነፃ የሚያደርግ ሰፊ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሆኖም በካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2024 ደንቡን ሽሮታል። በጃፓን ግን አሠራሩ በማሳወቅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ጋባ የተባለው ንጥረ ነገር የበዛበት ቲማቲም እ.ኤ.አ በ2021 ለገበያ ቀርቧል።

የአውሮፓ ኅብረት የተለየ መንገድ ተከትሏል። የኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በሐምሌ 2018 በሰጠው ውሳኔ በአዲሶቹ ዘዴዎች የተገኙ ተክሎች በሙሉ በልውጠ ሕያዋን መመሪያው እንደሚገዙ ወስኗል። ውሳኔው ትችት አላጣም። ለአሥርተ ዓመታት ዘርን በጨረር ወይም በኬሚካል በመምታት የተገኙና በብዙ ቦታ የዘረመል ለውጥ ያለባቸው ዝርያዎች ከቁጥጥሩ ነፃ ሆነው ሳለ፤ በአንድ ቦታ ብቻ የተለወጠው መታሰሩ ሚዛናዊ አይደለም የሚሉ ሳይንቲስቶች ብዙ ነበሩ። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ በሐምሌ 2023 ተክሎቹን በሁለት ምድብ የሚከፍል ረቂቅ አቅርቧል። በረቂቁ መሠረት ከ20 ያልበለጡና በተፈጥሮ ሊገኙ የሚችሉ ለውጦች ያሉባቸው ተክሎች በቀላል ሥርዓት ያልፋሉ፤ የቀሩት ግን በነበረው ሕግ ይቆያሉ።

በአፍሪካም አቋሙ አንድ ዓይነት አይደለም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ በ2020 ለዘረመል አርትዖት የተለየ መመሪያ በማውጣት ከአህጉሩ ቀዳሚ ሆናለች። ኬንያና ማላዊ እ.ኤ.አ በ2022 ተከትለዋታል። በእነዚህ አገሮች ባዕድ ዘረመል የሌለበት ዘር በተናጠል ተመርምሮ ከልውጠ ሕያዋን ሕግ ነፃ ሊደረግ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ እ.ኤ.አ በ2021 በአርትዖት የተገኙትንም በዚያው በነባሩ የልውጠ ሕያዋን ሕግ እንዲገዙ ወስናለች።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ተግባራዊ ትርጉም አለው። አገሪቱ ከኬንያ ጋር ረጅም ድንበር ትጋራለች። በአንዱ አገር እንደ ተራ ዘር የሚሸጠው በሌላው አገር ያለ ፈቃድ የገባ ልውጠ ሕያው ሊሆን ይችላል። አርሶ አደር ከዘመዱ ወይም ከገበያ የሚያገኘውን ዘር የዘረመል ታሪክ ጠይቆ አይዘራም።

ጥንቃቄው ለምን?

ቁጥጥሩ ይላላ የሚሉ ወገኖች የሚያነሱት ዋና መከራከሪያ የኤልጂኤስ1 ዘረመልን የመሰለ ምሳሌ ነው። በተፈጥሮ ይህ ዘረመል ሥራውን ያቆመበት ማሽላ ያለ ምንም ልዩ ፈቃድ ሊዘራ ይችላል። በአርትዖት የተገኘውና ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ የሆነው ሌላ ማሽላ ለዓመታት የሚዘልቅ ምርመራ ሊጠየቅ የሚገባው በምን ምክንያት ነው? ሲሉ ይጠይቃሉ። የጥብቅ ቁጥጥር ወጪን መሸከም የሚችሉት ትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ በመሆናቸው እንደ ማሽላ፣ ጤፍና ዳጉሳ ባሉ ሰብሎች ላይ የሚሠሩ የመንግሥት የምርምር ተቋማትና ዩኒቨርሲቲዎች ከመስኩ እንደሚወጡም ያስረዳሉ።

በአንጻሩ ጥንቃቄ ያሻል የሚሉት ወገኖች መሣሪያው ካልታሰበበት ቦታ ሊቆርጥ እንደሚችል ይገልጻሉ። ተካሂዷል የተባለው ለውጥና የተገኘው ለውጥ አንድ መሆኑ ካልተመረመረ አይታወቅም ባይ ናቸው። ለዚህም በአሜሪካ የተፈጠረውን ያስታውሳሉ። ቀንድ እንዳያበቅሉ በአርትዖት የተዘጋጁ ከብቶች ከተፈለገው ለውጥ በቀር ሌላ ነገር የለባቸውም ተብሎ ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሳይንቲስቶች ግን እ.ኤ.አ በ2019 ባደረጉት ምርመራ ለሥራው ያገለገለ የባክቴሪያ ዘረመል በከብቶቹ ውስጥ ቀርቶ አግኝተዋል። አልሚው ድርጅት ያላየውን ያየው ተቆጣጣሪው አካል ነበር።

ሌላው ነጥብ ኢትዮጵያ የብዙ ሰብሎች የብዝሃ ዘር ማዕከል መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ በ1927 አገሪቱን የጎበኘው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይህንኑ ለዓለም አሳውቋል። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ ከ1976 ጀምሮ የአርሶ አደሩን ዝርያዎች በዘር ባንክ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ማሽላ በከፊል ከሌላ ማሽላ ጋር በንፋስ የሚዳቀል ሲሆን፤ የዱር ዘመዶቹም በማሳ ዳር ይበቅላሉ። በአንድ ማሳ የተዘራ አዲስ ባሕርይ ወደ ጎረቤት ማሳና ወደ ዱሩ ማሽላ ሊሻገር ይችላል። ስትሪጎላክቶን ጠቃሚ ፈንገሶችንም የሚጠራ በመሆኑ የምልክቱ መለወጥ በደካማ አፈር ላይ ምን ያስከትላል የሚለውም በየአካባቢው መፈተሽ ያለበት ነው።

ጤፍ ከዚህ የተለየ ሁኔታ አለው። ጤፍ በዋናነት ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ የዘረመል መሻገር ስጋቱ ያነሰ ነው። የጤፍ ዋነኛ ችግር መጋሸብ ሲሆን፤ ቀጭን አገዳው በዝናብና በንፋስ ወድቆ ምርቱ ይቀንሳል። በአሜሪካ የሚገኘው የዳንፎርዝ የዕፀዋት ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 ባሳተሙት ጥናት የተክሉን ቁመት የሚወስነውን ዘረመል በክሪስፐር ሥራ በማስቆም አጠር ያለና የማይጋሸብ ጤፍ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ጤፍ እጥፍ የዘረመል ስብስብ ያለው በመሆኑ የዘረመሉን አራት ቅጂዎች በአንድ ጊዜ መለወጥ አስፈልጓቸዋል፤ ይህም በተፈጥሮ ለውጥ ብቻ ለማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

ሁለቱ ሰብሎች የሚያሳዩት ትምህርት አለ። ቴክኖሎጂው አንድ ቢሆንም ስጋቱና ጥቅሙ እንደ ሰብሉና እንደ አካባቢው ይለያያል። አንድ ወጥ ክልከላም ሆነ አንድ ወጥ ነፃነት ለሁለቱም እኩል አይስማማም። በተናጠል የመመርመር አሠራር በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

የባለቤትነትና የገበያ ጉዳይ

ከደኅንነት ጥያቄ ባልተናነሰ የሚነሳው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የክሪስፐር ዘዴዎች በፓተንት የተጠበቁ ናቸው። ለምርምር በነፃ የሚሰጥ ፈቃድ ዘሩ ለገበያ ሲቀርብ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ያለፈችበት ልምድ አለ። በኔዘርላንድስ የሚገኝ አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያገኘው ፓተንት ለዓመታት ካወዛገበ በኋላ የሔግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በኅዳር 2018 በዚያች አገር ፓተንቱ ዋጋ እንደሌለው ወስኗል። አገሪቱ በ1998 ዓ.ም ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ለሚወስዱ ወገኖች ፈቃድንና የጥቅም ተካፋይነትን ግዴታ ያደረገ ነው። በአርትዖት የተሻሻለ የአርሶ አደር ዝርያ መነሻው የአርሶ አደሩ የዘመናት ምርጫ መሆኑ በሕግ መታወቅ እንዳለበት በመስኩ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያሳስባሉ።

የውጭ ገበያም ሌላው ግምት ውስጥ የሚገባ ነው። የሐረር ቡናን ጨምሮ የኢትዮጵያ ቡናና ሰሊጥ በተፈጥሯዊ ምርትነታቸው የሚፈለጉ ናቸው። የተፈጥሮ ምርት ማረጋገጫ ሰጪዎች ልውጠ ሕያዋንን አይቀበሉም። እዚህ ላይ የቴክኒክ ችግር ይገጥማል። ባዕድ ዘረመል ያለበትን ዘር በምርመራ መለየት ይቻላል፤ ጥቂት ፊደላት ብቻ የጎደሉበትን ግን በተፈጥሮ ከተለወጠው ለይቶ ማረጋገጥ አዳጋች ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ በላቦራቶሪ ብቻ ሊወሰን አይችልም። ዘሩ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ መዝገብ ከምርምር ማዕከል እስከ ዘር አባዥ ድርጅት ድረስ መያዝ ይኖርበታል።

በመሆኑም በመስኩ ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ግን መሠረታዊ ናቸው። የመጀመሪያው የትርጉም ጥያቄ ነው፤ ቁጥጥሩ የሚመለከተው የተሠራበትን ዘዴ ነው ወይስ የተገኘውን ውጤት? ሁለተኛው ባዕድ ዘረመል አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ማን ነው? አልሚው ራሱ ወይስ ነፃ የሆነ የመንግሥት ላቦራቶሪ? ሦስተኛው ሕዝቡ እንዴት ይሰማል? የሚለው ሲሆን፤ አራተኛው ጉዳት ቢደርስ ኃላፊው ማን ነው? የሚል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለገጠሩ ሕዝብ ይቀርባል። በሐረርጌ ማሳ ላይ የሚዘራው ማሽላ ምን እንደሆነ አርሶ አደሩ በሚናገረው ቋንቋ ካልተነገረው በወረቀት ላይ የሚሰፍር የሕዝብ ተሳትፎ ትርጉም አይኖረውም። ዘሩን ለቀጣዩ ዓመት ማስቀመጥ እንደሚችል፣ ከጎረቤቱ ጋር መለዋወጥ እንደሚፈቀድለት፣ ከድሮው ማሽላው ጋር ቢደባለቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። የአቀንጭራ ጉዳት ያማረረው አርሶ አደር አዲስ ዘር ቢቀርብለት ላይጠላ ይችላል። ነገር ግን የሚመርጠው ሲያውቅ ነው።

የሐረር በሮች በጥንት ጊዜ ሌሊት ሌሊት ይዘጉ ነበር። ጠዋት ሲከፈቱ የሚገባው ሰውና ሸቀጥ ይታያል እንጂ ገበያው አይቀርም፤ ከተማዋ ያለ ገበሬዋ፣ ገበሬውም ያለ ከተማዋ መኖር አይችሉምና። ዛሬ በፈላና በር በኩል በአህያ ተጭኖ የሚያልፈውን የማሽላ ዘር በዓይን አይቶ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት የሚችል የለም። መለየት የሚቻለው ዘሩ ከማሳው ሳይደርስ በፊት በሕግ፣ በምርመራና በመዝገብ ነው። አርሶ አደሩ ማሽላውን ሲዘራ የሚተማመነው በዚህ ሥርዓት ላይ ይሆናል።